ከበሮውን የተቀበሉልኝ ዘበኛ
ሰው ፊት ስታፍሩ ፈጥኖ የደረሰላችሁ ሰው አለ? እኔ አለኝ። በደርግ ጊዜ ጀማሪ አስተማሪ ሆኜ አዋሳ ተመደብኩና የቀበሌው የኪነት ቡድን ውስጥ ግባ ተባልኩ። በአብዮት በዓል ዕለት ሁሉም ያገሩን ጭፈራ እንዲያሳይ ተወሰነ፤ ጎጃሜ ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። መድረክ ላይ ስወጣ ከበሮ መቺው የኛን ምት አያውቀውም። ሁለቴ ሞከርኩ፤ ትከሻዬ እንቢ አለ፤ ሰዉ ሳቀ። አፍሬ ልወርድ ስል የአዳራሹ ዘበኛ፣ ሲዳማው አባባ ዱካሞ፣ ካፖርታቸውን አውልቀው ወጡና ከበሮውን ተቀበሉት።

"አባባ፣ የጎጃምን ያውቁታል?" አልኳቸው።

"አንተ ብቻ ጀምር!"

ሲመቱት እናቴ ደጅ ሰርግ ላይ የቆምኩ መሰለኝ። ትከሻዬ ሳላዘው ተነሳ፤ አዳራሹ በእልልታ ቀለጠ። ስንወርድ እጃቸውን ስሜ የት እንደተማሩት ጠየቅኳቸው።

"ወታደር ሆኜ ደብረ ማርቆስ ኖሬያለሁ" አሉኝ። "አንድ ቀን ሰርግ ጠርተውኝ፣ እስቲ ያገርህን ጨፍር አሉኝ። ዜማዬን አያውቁም፤ ግን እስክጨርስ አጨበጨቡልኝ። ከዚያ ወዲያ እንግድነቱ ለቀቀኝ፤ ከበሮውንም ከነሱው ለመድኩ።"

እኔም በማግስቱ ወደ ጎጃም ለመዛወር የጻፍኩትን ማመልከቻ ቀደድኩት። እግዜር ይስጣቸው፣ ይኸው እዚሁ ወልጄ ከብጄ አለሁ።