ሩሀማ የምትጠመቅበት ውሃ

ቅዳሜ ረፋድ ላይ መሃል ከተማ ወዳለው የሐበሾች ገበያ፣ ወደ ጀፕ ልወርድ ስል በሠፈራችን በአይቮሪ ፓርክ ታክሲ መሳፈሪያ አጠገብ አቶ ዱካሞን አገኘኋቸው። የሆሳዕና ሰው ናቸው። በሠፈሩ ስፓዛ የሚባለው ዓይነት ትንሽ ሱቅ አላቸው፤ ድንችና ማግዊንያ የሚሉትን የሊጥ ጥብስም በዘይት እየጠበሱ ይሸጣሉ። በቤተ ክርስቲያናችን የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። አብራቸው የወንድማቸው ልጅ ፊቤ ነበረች፤ እዚሁ በስደት አገር ተወልዳ ያደገች፣ በፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ የምትሠራ መሐንዲስ ነች። በብርቱ ይከራከሩ ነበር።

«መምህር፣ እግዜር ነው ያመጣዎት! እስቲ ይፍረዱን» አሉኝ አቶ ዱካሞ። «ነገ ልጄ ሩሀማ ከእኩዮቿ ጋር በታችኛው ጅረት ልትጠመቅ ነው። ይህች ግን አይሆንም ትላለች።»

«አጎቴ፣ ጥምቀቱን መች ተቃወምኩ?» አለች ፊቤ። «ውሃው ነው እንጂ። የሽንት ቤት ፍሳሽ ገብቶበታል።»

«ዮርዳኖስንም ንዕማን ንቆት ነበር፤ ከለምጹ የነጻው ግን በእሱ ነው። ደግሞ ወራጅ ውሃ ራሱን ያጠራል። የሽንት ቤቱስ ቢሆን በቧንቧ ወደ እናንተ ጣቢያ ይሄድ የለም እንዴ?»

«ከደረሰልን እኮ እናጣራዋለን! መንገድ ላይ ነው የሚቀረው። ፕሊስ አጎቴ፣ ይምጡና በዓይንዎ ይዩ።»

እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ልጅቷ ያጋነነች መስሎኝ ነበር። ቁልቁል ወረድን። ገና ሳንደርስ ሽታው አፍንጫችንን አስያዘን። የፍሳሹ ጉድጓድ ክዳን ተገፍቶ ተነሥቷል፤ ከውስጡ ጥቁር ውሃ እየተንፈቀፈቀ ቀጥታ ወደ ጅረቱ ይወርዳል። ጥቂት ዝቅ ብሎ ሴቶች ብርድ ልብስ ያጥባሉ።

አቶ ዱካሞ ባሉበት ደርቀው ቀሩ። «ነገ የምንገባው... እዚያ ነው» አሉ፣ ልብስ አጣቢዎቹን እያመለከቱ።

ጉድጓዱን ሊጠርጉ የመጡ ሠራተኞች የሰው ጭንቅላት የሚያህል ነጭ ነገር በአካፋ አወጡ፤ የሕፃን ዳይፐር ተጣብቆበታል።

«ምንድን ነው? ድንጋይ ነው?»

«የምግብ ዘይት ነው፣ አጎቴ። ትኩሱ ሲደፋ ይወርዳል፤ ቧንቧ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ይረጋል። ከዚያ ያገኘውን ሁሉ ይይዝና መንገዱን ያንቃል።»

የሽማግሌው ፊት አመድ መሰለ። «እኔ ማታ ማታ የምደፋው... ይህን ነው?» ወዲያው ደግሞ ቆጣ አሉ፤ «መንግሥትስ? ቶሎ አይጠግንም?»

«የእነሱ ጥፋት የእነሱ ነው። ዘይቱን ግን እነሱ አልደፉትም።»

አቶ ዱካሞ ልብስ ወደሚያጥቡት ሴቶች ወረዱና በተሰባበረ ዙሉ ከውሃው እንዲወጡ ለመኗቸው።

እሑድ ሩሀማና ጓደኞቿ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ የቧንቧ ውሃ በተሞላ የፕላስቲክ ገንዳ ተጠመቁ። ከዚያ አቶ ዱካሞ በጉባኤው ፊት ቆሙ።

«ወገኖቼ፣ ለልጆቻችን ሕይወት ስመኝ በሽታ ውስጥ ላስገባቸው ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ያረጀ ዘይት በጄሪካን ይጠራቀም፤ የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ። ዳይፐርም ወደ ቆሻሻ መጣያ እንጂ ወደ ሽንት ቤት አይጣል። ቧንቧው ካልታነቀ ፍሳሹ ጣቢያው ይደርሳል፤ እነ ፊቤ አጣርተው ለወንዙ ይመልሱታል። ይህ ጅረት ከትልቅ ወንዝ፣ ወንዙም ውሎ አድሮ ከሊምፖፖ ተቀላቅሎ ሞዛምቢክ ላይ ባሕር ይገባል። እዚያም መረቡን ጥሎ ልጆቹን የሚያበላ አባት አለ። እኛ የደፋነውን እሱ ለምን ይቅመስ?»

ቀድማ «አሜን» ያለችው ፀጉሯ ገና ያልደረቀው ሩሀማ ነበረች።