ሰባት ጊዜ የሞተው መካኒክ

ወዳጆቼ፣ ከፉፉ ምግባችሁ ላይ እጃችሁን አንሱና ስሙኝ። ጋሼ ኦዱሮ፣ እርስዎም በሩን አይዩት፤ ግብዣው ለእርስዎ ክብር ነውና ዛሬ ማምለጫ የለም!

ጋሼ እዚህ የኤሌክትሪክ መኪና ጥገና ማሰልጠኛ የመጡ ዕለት፣ በሱዋሜ ሰፈር ጋራዥ እንደ ሠላሳ ዓመት ልማዳቸው የካቻቢቴውን እጀታ ጆሯቸው ላይ፣ ጫፉን መኪናው ላይ አስደግፈው ሞተሩን አዳመጡ።

«አንቺ ሴርዋ፣ ይሄ ሞተር ጠፍቷል» አሉኝ።

«ኧረ በርቷል ጋሼ! ድምፅ የለውም እንጂ።»

«ዝም የሚል ሞተርና ዝም የሚል ሰው አላምንም» ብለውኝ እርፍ!

የሌለ መኪና እንዳለ አድርጎ የሚያሳየውን የማስተማሪያ መነጽር አጠለቅንላቸው። መኪናው፣ ባትሪው፣ ኃይለኛው ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ብርቱካናማ ኬብል ፊታቸው ድቅን አለ። ለዓይን ነው እንጂ አየር ነው። ጋሼ ግን ኮፈኑን ደገፍ እላለሁ ብለው ዘጭ! ተነሡና ደግሞ እንደ ጋራዣቸው ሁለት ሽቦ አነካክተው ብልጭታ ሊያዩ ሞከሩ። መነጽሩ ቀልቶ «ሞተዋል» አላቸው።

«ማነው የሞተው?»

«እርስዎ ነዎት ጋሼ።»

«ምሳ ሳልበላ?»

በዚያ ሳምንት ሰባት ጊዜ ሞቱ። ተማሪዎቹ ጠዋት ጠዋት «ነፍስ ይማር ጋሼ!» እያሉ ይቀበሏቸው ነበር። በስምንተኛው ግን ዋናውን የኤሌክትሪክ ማቋረጫ ነቀሉ፣ የቀረው ኃይል እስኪወጣ አሥር ደቂቃ ጠበቁ፣ ጓንት አጥልቀው በቴስተር ለኩ። በሕይወት ወጡ! ከዚያ ወዲህ አብረውን ሲሠሩ ያቺን አሥር ደቂቃ ሳይቆጥሩ ማንንም መኪና አስነክተው አያውቁም። ስንቶቻችን ነን በሆዳችን የረገምናቸው!

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። አለቃችንም ይስሙኝ።

አምና አንድ የተበላሸ የኤሌክትሪክ ታክሲ መጣ፤ የመነጽሩ ሳይሆን የእውነቱ። መነጽሩ ውስጥ ያለውን ትምህርት የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ደንቡን የጻፍኩትም እኔው። ቸኮልኩ። ማቋረጫው ተነቅሏል ብዬ ባዶ እጄን ሰደድኩ። ጋሼ፣ እርስዎ በሸሚዜ ጎትተው መሬት ላይ ጣሉኝ።

«ይሄኛው እንደ መነጽሩ ተነሺና ድገሚው አይልሽም!» ብለው ጮኹብኝ።

ቴስተሩን ሲያስገቡ ሦስት መቶ ሰማንያ ቮልት አነበበ። ማቋረጫው አልተነቀለም ነበር። ውኃ አመጡልኝ፣ አጠገቤ ተቀመጡ፣ እስከ ዛሬ ለአንድ ሰው ትንፍሽ አላሉም። እኔም አፍሬ ዝም አልኩ። ቤት ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ያን ቀን ማታ አቅፌያቸው አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም።

ጋሼ፣ አመሰግንዎታለሁ። ዘግይቻለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።

በሉ እንግዲህ፣ የሶቦሎ መጠጣችሁን አንሱ! ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥዎት፤ ደጅዎ ከሰው፣ ማዕድዎ ከበረከት አይጉደል። ልጆቼ ይኸው ከበሩ አጠገብ ቆመዋል። ዛሬ ነግሬያቸዋለሁ፤ ጉልበትዎን ሊስሙ ነው የመጡት።