መሰላሉና የጥፋተኛው በርጩማ

ዘመናትን እንደ ክር በእጁ የሚያጠነጥን፣ ዘሩ ገና በአፈር ሳለ ፍሬውን የሚያይ፣ እርሱ አንድ አምላክ ብቻ ነው። እኛ ግን የዛሬን እንጂ የነገን አናይምና፣ ያልበሰለውን ጎምዛዛ ነው ብለን እንተፋለን፤ የዘገየውንም ቀረ ብለን በራችንን እንዘጋለን። ይህን የምጽፈው ማንንም ልከስ አይደለም፤ በዓይኔ ያየሁት ለሚያነብ ሁሉ ምክር ይሆን ዘንድ ነው።

አንድ ዓርብ ጠዋት ከጸሎት ስመለስ ድንገተኛ ዝናብ ያዘኝ። ጥላዬን ረስቼ ነበርና በአቅራቢያዬ ወዳለው የቅርጫት ኳስ አዳራሽ ሮጥሁ፤ ሮጥሁ ማለቴ በእኔ ዕድሜ ሩጫ የሚባል ነገር ካለ ነው። አዳራሹ የአንድ እንጨት ሥራ ፋብሪካ ንብረት ሲሆን የሚጫወቱበትም የፋብሪካው ሠራተኞች ናቸው። ገብቼ የቆየ ወዳጄን፣ አሰልጣኙን አገኘሁት። ይህ ሰው የፋብሪካው ዋና አናጢ ነው፤ ፊሽካው ከአንገቱ ስለማይወርድ “ጋሽ ፊሽካ” ይሉታል። ተንበርክኮ የተነሣ የወለል ሳንቃ በመላጊያ ይልጋል። በመዝገብ ጠረጴዛው ዘንድ የእኅቱ ልጅ፣ የሒሳብ መምህርቷ፣ ወፍራም ደብተር ዘርግታ ተቀምጣለች። የቡድኑን ነጥብ የምትመዘግበው እርሷ ናት።

ከተጠባባቂዎቹ ወንበር አጠገብ ስለ ቆመችው ባለ ሦስት እግር አጭር በርጩማ አስቀድሜ መናገር ይገባኛል። ጋሽ ፊሽካ በገዛ እጁ የሠራት ናት። በጨዋታ ላይ ያጠፋ ሁሉ ወዲያው ተቀይሮ ይወጣና ሕዝብ እያየው ይቀመጥባታል። ስሟም “የጥፋተኛው በርጩማ” ነው። ሥርዓቱ ሃያ ዓመት የቆየ ነውና፣ ለምን ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

“የኔታ! ዝናቡ ባያመጣዎ መቼ ይመጡልን ነበር?” አለና እጁን በሽርጡ ጠርጎ ጨበጠኝ። “እንኳን መጡ፤ ይፍረዱን። ይህች ልጅ ከማለዳ ጀምሮ ጆሮዬን በላችው።”

“ጆሮዎ መቼ ተከፍቶልኝ ነው የምበላው፣ ጋሼ?” አለች ቀና ሳትል።

የክርክራቸው ምክንያት እንዲህ ነው። በቡድኑ ውስጥ “መሰላሉ” የሚሉት፣ በቁመቱ ከሁሉ የሚበልጥ የሃያ ዓመት ወጣት አለ። አንድ ቀን ያስደንቃል፤ በማግስቱ ያሳፍራል። ጋሽ ፊሽካ እርሱን የሚያሰናብት ደብዳቤ ጽፎ በደረት ኪሱ ይዟል። ደብዳቤው እስከ ቀትር ለውድድሩ ጽሕፈት ቤት ከደረሰ፣ በልጁ ፈንታ ከግንበኞች ቡድን የተለቀቀ አንድ የበሰለ ተጫዋች ይመዘገባል። ካልደረሰ ግን የነገውን የዋንጫ ጨዋታ ባሉት ልጆች መጋፈጥ ነው። መሰላሉ ፋብሪካው የገባው ለቁመቱ ነበርና፣ ከቡድኑ ሲወጣ እንጀራውም አብሮት ይወጣል።

“ባለፈው ቅዳሜ ሃያ ሁለት ነጥብ አገባ” አለ ጋሽ ፊሽካ። “ሕዝቡ በትከሻው ሊሸከመው ምንም አልቀረው።”

“የሚታገሠው ቢያገኝ ነዋ” አለች መምህርቷ።

“ዝም በይ! ረቡዕስ? ሁለት ነጥብ! ኳሱ እንደ ሳሙና እያዳለጠው አራት ጊዜ ከእጁ ወጣ። ዛሬ አንበሳ፣ ነገ ድመት። ቤት በሚወላውል ምሰሶ ይቆማል ወይ፣ የኔታ?”

“አይቆምም” አልሁ፤ እውነት ነውና።

“ይኸው! ሰማሽ?”

“ሰማሁ። ግን ጋሼ፣ ምሰሶ ወላወለ የሚባለው ከተተከለ በኋላ ነው። እርስዎ ይህን ልጅ መቼ ተክለውት ያውቃሉ?” ደብተሯን ወደ እኔ አዞረችው። “የኔታ፣ እስካሁን ዐሥራ አንድ ጊዜ ተጫውተናል። በዘጠኙ፣ መሰላሉ ገና አንድ ስሕተት ሲሠራ ደቂቃ ሳይሞላ በርጩማዋ ላይ ተቀምጧል። ሲመለስ ደንግጦ ይሳሳታል፤ እንደ ገና ይወጣል። በሁለቱ ግን ቢሳሳትም አልወጣም።”

“ስለ ምን?” አልኋት።

“ተቀያሪው ታሞ ስለ ነበረ የሚተካው አልተገኘም። ሃያ ሁለት ነጥብ ያገባው፣ ከዚያ በፊትም ዐሥራ ዘጠኝ ያገባው፣ በእነዚያው በሁለቱ ቀናት ነው። ይህ ልጅ የሚሆንለት በርጩማዋ ባዶ ስትውል ብቻ ነው።”

ጋሽ ፊሽካ መላጊያውን አስቀመጠ። “አጋጣሚ ነው።”

“ሁለት ጊዜ?”

“አጋጣሚ ሁለት ጊዜ አይመጣም ያለሽ ማነው? ያልተቀጣ ጥፋት ይለመዳል፣ ልጄ። እኔ ራሴ ተቀጥቼ አይደለም ወይ ሰው የሆንሁት?”

“ተቀጥተው ነው፣ ወይስ ቢቀጡም?”

“አዩልኝ የዘመኑን ትምህርት! አጎትን አፍ ማስያዝ!” ብሎ ወደ እኔ ዞረ፤ ከቁጣው ሥር ግን ሳቅ ነበረበት። ወዲያው ፊቱ ጠቆረ። “የሌሎቹን አራት ልጆች ነገርስ ማን ያስብላቸው? ቀን ሙሉ መጋዝ ሲገፉ ውለው ማታ እዚህ ይለፋሉ። የእነርሱን ላብ አንድ ዝንጉ ሲደፋው ዝም ብዬ ልይ?”

ይህ ቃል ከባድ ነበር፤ መምህርቷም አልናቀችውም። ድምጿን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለች፦ “ልክ ነዎት። ይቅር ይባል አላልሁም፤ ይታረም ነው ያልሁት። እርማት ግን በልምምድ ሰዓት፣ ለብቻ፣ ቀስ ተብሎ ነው። በጨዋታ ላይ ሁለት ነገር ብቻ ይዘዙት፤ ቅርጫቱን ይጠብቅ፣ የቅርጫቱን ብረት መትቶ የተመለሰውን ኳስ ይያዝ። ቢሳሳትም የጨዋታው ሩብ እስኪያልቅ አያስወጡት። እኔ ተማሪ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሒሳብ ሲሠራ በመጀመሪያው ስሕተት ጠመኔውን ብቀማው፣ ስሌቱን መጨረስ መቼ ይማራል?”

ይህን ስትል የገዛ ልጅነቴ ትዝ አለኝ። ዜማ ያስተማሩኝ አባት ስሳሳት አያቋርጡኝም ነበር፤ እስክጨርስ ይጠብቁና “አሁን ያነቀፈህን ድንጋይ አብረን እንፈልገው” ይሉኛል። ጎረቤታችን የነበረው ልጅ ግን በየቃሉ የሚቆጣ መምህር ደርሶት፣ ድምፁ ከእኔ ያማረ ሳለ ዜማውን ጥሎ ሄደ። የተቆጣው መምህር ክፉ ሰው አልነበረም፤ ችኩል ነበረ እንጂ።

ዳኝነት ተጠይቄ ነበርና ፍርድ ከመስጠት መጠየቅን መረጥሁ። በመስኮቱ ትይዩ፣ በግቢው መጠለያ ጣራ ሥር፣ በመካከላቸው ትናንሽ ዱላዎች የገቡባቸው፣ ከላያቸውም ድንጋይ የተጫነባቸው ረጃጅም ጣውላዎች ተደርድረው አየሁ።

“ወዳጄ፣ ያ ክምር ምንድን ነው?”

ስለ ሙያው ሲጠየቅ ፊቱ በራ። “እርጥብ ጣውላ ነዋ፣ የኔታ! ገና አልደረቀም። ዱላዎቹ ነፋስ እንዲያሳልፉ፣ ድንጋዩም እንዳይጎብጥ ነው። ሁለት ክረምት ይቆያል።”

“ሁለት ክረምት! ቶሎ የሚያስፈልግህ ቢሆንስ?”

“ቢያስፈልገኝም እጠብቃለሁ። በተለይ ረጅሙን። አጭር ጣውላ ቶሎ ይደርቃል፤ ረጅም ግን ከተቸኮለበት ይጣመማል።”

“በየቀኑ እያነሣህ ጠነከረ አልጠነከረም ብለህ ብታጎብጠውስ?”

“እንዴት ያለ ሞኝ ነው እርጥብ እንጨት በየቀኑ እያነሣ...”

ዓይኑን ከክምሩ ወደ እኔ መለሰ። መምህርቷ ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን በደብተሯ ሸፈነች።

“የኔታ፣ እርስዎም? ወጥመድ ውስጥ አስገቡኝ!”

“እኔ ስለ እንጨት ጠየቅሁ፤ የመለስኸው አንተ ነህ።”

“እንጨት ዋንጫ አያመልጠውም!” ብሎ ተነሣ፤ ደብዳቤውንም ከኪሱ አወጣ። ለቀትር የቀረው ግማሽ ሰዓት ነበር።

በዚህ መካከል በሩ ተንኳኳ፤ የተንኳኳው ግን በእጅ ሳይሆን በግንባር ነበር። መሰላሉ ጎንበስ ማለት ረስቶ ከጉበኑ ጋር ተላትሞ ነው።

“ደግሞ በሩን ልታፈርስልኝ ነው?” አለ ጋሽ ፊሽካ።

“ይቅርታ፣ አሰልጣኝ። በሩ ነው የቀደመኝ።” ግንባሩን እያሻሸ እጅ ነሣን። ደብዳቤውን ሲያይ ፈገግታው ጠፋ። “አውቄዋለሁ። ቢሮ ሰምቻለሁ። ልለምንዎት አልመጣሁም፤ ማልያውን አጥቤ ላስረክብ ነው።” በሥርዓት የታጠፈውን ማልያ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

ጋሽ ፊሽካ ማልያውን አየና ድምፁ ለሰለሰ። “አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፤ አትዋሸኝ። ቅዳሜ ያን ያህል የቻልህ ልጅ፣ ረቡዕ ምን ነካህ?”

ልጁ አቀርቅሮ መለሰ። “ቅዳሜ ኳሱን ስይዝ ቅርጫቱን ነበር የማየው። ረቡዕ ግን በርጩማዋን። ስቀመጥባት ጉልበቴ ጆሮዬ ድረስ ይመጣል፣ አሰልጣኝ። እናቴም ከሕዝቡ መካከል ናት።”

ጋሽ ፊሽካ በርጩማዋን አንሥቶ ገለበጣት፤ የገዛ እጁን ሥራ እንደማያውቃት መረመራት። የፋብሪካው ጡሩምባ ቀትርን ሲነፋ ደብዳቤው እጁ ላይ ነበረ።

“አለፈ” አለ ቀስ ብሎ። “እንግዲህ ነገ ብንሸነፍ የምባረረው እኔ ነኝ። ማልያህን አንሣ፤ ምን ያፈዝሃል?”

በማግስቱ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። እኔም በሽምግልናዬ ከፊት ተቀመጥሁ። ጨዋታው በተጀመረ በመጀመሪያው ደቂቃ ኳስ ለመሰላሉ ተወረወረለት፤ ከእጁ አዳልጦም ወጣ። ተቃራኒዎቹ ነጥቀው አገቡበት። “መሰላሉን አውርዱት!” ብሎ ሕዝቡ ጮኸ። ልጁ በልማዱ ወደ በርጩማዋ ተመለከተ።

ጋሽ ፊሽካም ተነሣ። መምህርቷ እስክሪብቶዋን ጨበጠች፤ እኔም በልቤ ጸለይሁ። ሁለት እርምጃ ሄደና፣ ኮቱን ሰብስቦ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ራሱ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠ።

“ቦታው ተይዟል!” ብሎ ለመሰላሉ ጮኸለት። “ሥራህን ሥራ!”

ልጁ በመጀመሪያ አፉን ከፈተ፤ ቀጥሎ ሳቀ፤ ቀጥሎም ሮጠ። ከዚያ ወዲያ አልተሳሳተም ብል እዋሻለሁ። ሦስት ጊዜ ተሳስቷል። ነገር ግን ከእያንዳንዱ ስሕተት በኋላ የሚያየው ወደ ቅርጫቱ ነበር። በመጨረሻው ሩብ እኩል ለእኩል ሆነው ጥቂት ሴኮንዶች ሲቀሩ፣ ጓደኛው የወረወረው ኳስ ብረቱን መትቶ ተመለሰ። ከአራት ሰዎች እጅ በላይ አንድ ረጅም እጅ ወጣ፤ ኳሱን ከአየር ቀጥፎ ቅርጫት ውስጥ ጨመረው። የዳኛው ፊሽካ ተነፋ፤ ስድሳ አንድ ለአምሳ ዘጠኝ! አዳራሹ ተናወጠ። መሰላሉን በእርግጥም በትከሻቸው አነሡት፤ ስድስት ሰው አስፈለገው። ከላይ ሆኖም “እማዬ! እዪኝ!” ሲል ሰማሁት። እናቱ እልል ስትል ነጠላዋ ከራሷ ወድቆ ነበር።

ጋሽ ፊሽካ ከበርጩማዋ ለመነሣት የእኔን እጅ ፈለገ፤ ጉልበቱ ተሳስሮ ነበርና። “የኔታ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ሳስቀምጥባት ይህን ያህል እንደምታም አላወቅሁም” አለኝ፤ ዓይኑም እንባ አቅርሮ ነበር። ደብዳቤውን አራት አጥፎ በሚንቀጠቀጠው የመዝገብ ጠረጴዛ እግር ሥር ሸጎጠው። ጠረጴዛው እስከ ዛሬ አልተነቃነቀም።

ዛሬ በዚያ ቡድን የሚሳሳት ይታረማል፤ ግን በልምምድ ሰዓትና ለብቻው ነው። ሦስት ወጣቶችም በመሰላሉ ፈለግ እየበሰሉ ነው፤ አራቱ የድሮ ተጫዋቾችም አስተማሪዎቻቸው ሆነዋል። በርጩማዋ የውኃ ማሰሮ ተሸክማ ለተጠማ ሁሉ ታገለግላለች።

አንባቢ ሆይ፣ በቤትህም አንድ ቀን የሚያስደስትህ፣ አንድ ቀን የሚያሳዝንህ ልጅ ይኖር ይሆናል። ተወላዋይ ነው ብለህ ከመፍረድህ በፊት፣ እንዲጸና ጊዜ ሰጥተኸው እንደ ሆነ ራስህን ጠይቅ፤ ስሕተቱን ስትቈጥርም ያንተ በርጩማ የት እንደ ቆመች ተመልከት። የዘገየውን የማይንቅ አምላክ ለቤትህ ትዕግሥትን ይስጥልህ፤ የልጆችህን እጅ ያበርታ፤ ምሰሶህን ያጽና፤ በደጅህ ጎንበስ ብለው የሚገቡትን ሁሉ ቀና ብለው የሚወጡ ያድርግልህ። አሜን።