ቁስሌን ለብርሃን የሰጠሁበት ሳምንት

ጥርሴን ላስነቅል ወደ ገበያ ስወርድ፣ የጎረቤቴን የዋሲላን ልጅ ራዚያን ወደ አርዲቦ ሐይቅ የሚወስደው መታጠፊያ ላይ አገኘኋት። ደሴ ከተማ የጥርስ ሐኪም ረዳት ናት። ጉንጬን በነጠላ ሸፍኜ ስታየኝ ወዴት እንደምሄድ ጠየቀችኝ። ጉጠት ካለው ሰውዬ ዘንድ አልኳት። አባቴም አያቴም በጉጠት ነው ያስነቀሉት።

ፊቷ ተለወጠ። «እትዬ አሚናት፣ አንቱ መንጋጋዎን አዲስ አበባ በጨረር ታክመው የለም ወይ?»

«ታክሜያለሁ፣ ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት። አልሐምዱሊላህ፣ ዕጢው ሄደ። ምራቄም አብሮት ሄደ።»

አልሳቀችም። ጨረር ያለፈበት መንጋጋ ምንጩ እንደደረቀ ማሳ ነው፣ ደም በደንብ አይደርሰውም አለችኝ። ጥርስ የተነቀለበት ጉድጓድ ሳይሽር ከርሞ አጥንቱ ሊሞት ይችላል። ሐኪሙ ተጠንቅቆ ይንቀለው፣ ከዚያ ለቀናት ቀይ ብርሃን እናበራበታለን አለች።

«ጨረር ያቃጠለኝን መልሰሽ በብርሃን? ነብር የቧጨረውን ነብር ይላሰው በይኛ። ደግሞስ ቁስል ብርሃን ካየ ምች ይመታው የለም? በጦርነቱ ጊዜ መብራት እንዳይታይ መስኮቴን በጆንያ ደፈንኩት፤ ጦሩ ቢያልፍም ምች ፈርቼ እስከ ዛሬ አልከፈትኩትም።»

«ያኛው ዕጢውን እንዲገድል የተላከ ነው። ይኼኛው አያቃጥልም። ሥጋው ራሱን እንዲጠግን ይቀሰቅሰዋል ነው የሚሉት።»

«ነው የሚሉት? አንቺስ አታውቂም?»

«ገና እየተጠና ነው፤ ለሁሉም እኩል ላይሠራ ይችላል። ብቻውንም መድኃኒት አይደለም። ጉጠቱ የሚያደርገውን ግን አይቻለሁ። መንጋጋው ከተበላ፣ እትዬ፣ ሐሙስ ሐሙስ ማን ይመርቀናል?»

እዚህ ላይ ያዘችኝ። ሴቶቹ ቤቴ ለዱዓ ሲሰበሰቡ የምመርቀው እኔ ነኝ፤ ይህ አፍ ከሄደ ከእኔ የሚተርፍ አሮጌ ነጠላ ነው። ደግሞ በዕድሜዬ የሚሸጥልኝ ሁሉ ፍቱን ነው እያለ ነው የሸጠልኝ። ላይሠራ ይችላል ያለኝ ሰው እሷ የመጀመሪያዋ ናት። ታክሲ አስቁሚ አልኳት።

ሐኪሙ ነቀለልኝ። በማግስቱ ዓይኔን በጥቁር መነጽር ሸፍነው ቀይ ብርሃን የምታበራ ጣት የምታህል ነገር አፌ ውስጥ አስገቡ። ሙቀት የለው፣ ሕመም የለው። እኔ ግን በሐሳቤ በልጅነቴ ሐይቅ ዳር ነበርኩ። ጀምበር ልትጠልቅ ውኃው ቀልቷል፣ የእስጢፋኖስ ገዳም የዛፎቹን ጥላ ውኃው ላይ አጋድሟል። እናቴ እግሯን ትታጠባለች። ስስቅ ጥርሶቼ ሁሉ አፌ ውስጥ አሉ። ራዚያ «በቃ» ስትለኝ ተቆጣኋት።

ሳምንቱን ተመላለስኩ፤ አፌን እንዳዘዙኝ እያጠብኩ፣ ኪኒኔን እየዋጥኩ። በወሩ ሐኪሙ አየና ጉድጓዱ ገጥሟል አለ። ጥንቃቄው ይሁን ኪኒኑ ወይስ ብርሃኑ፣ ለይቶ የነገረኝ የለም፤ እኔም ከአንዳቸው አልጣላም።

እናንተ ጨረር የታከማችሁ፣ ጥርሳችሁን ከማስነቀላችሁ በፊት ለሐኪሙ ንገሩ። ገና የምትታከሙም አስቀድማችሁ ጥርሳችሁን አሳዩ። ያኔ መንጋጋችሁም አንደበታችሁም ይተርፍላችኋል። ጉጠቱ ለሚስማር ይሁን።

ሐሙስ ሴቶቹ ከመምጣታቸው በፊት ጆንያውን ከመስኮቱ አወረድኩት። መርቄ ስጨርስ ዋሲላ ዙሪያዋን እያየች «ግድግዳሽ ለካ ሰማያዊ ነው» አለችኝ።

እኔም ረስቼው ነበር።