ለሊያ ማዕረግ ሽማግሌ ሆነን የሄድን ጊዜ

ባለፈው ዓመት ነሐሴ ውስጥ፣ አንድ ዓርብ አመሻሽ ላይ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ሆነን የአየር ኃይል ካዴቶች አዛዥ ዘንድ ለአማላጅነት ሄድን። የሆነው ይኸው ነው። ማን ላከን? እትዬ ዘነበች። ለማን? ለልጅ ልጃቸው ለሊያ። አትሳቁ እንጂ! በእኛ ጊዜ፣ ስሙኝ፣ በእኛ ጊዜ አለቃ ዘንድ ጉዳይ ያለው ሰው ብቻውን አይሄድም፣ ሽማግሌ ይልካል፤ ታዲያ እኛም የለመድነውን አደረግን።

ሊያ ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ኖርዝ ሜልቦርን፣ የመንግሥት ኪራይ ፎቁ ላይ፣ ከአያቷ ጋር ሁለት ሆነው ነው የሚኖሩት፤ አሳዳጊዋም እትዬ ዘነበች ናቸው። ዓርብ ዓርብ ዩኒፎርሟን ትለብስና ስኳድሮኗ፣ ማለት የካዴቶቹ ክፍል፣ ትሄዳለች። ወታደሮች አይደሉም፣ ልጆች ናቸው፤ ሰልፍ ይማራሉ፣ ስለ አውሮፕላን ይማራሉ፣ እና ማዕረግም አላቸው። ሊያ ኮርፖራል ናት፣ በእኛ አስር አለቃ እንደምንለው። ቀጥሎ ሳጅን ነው፣ ሃምሳ አለቃ። ታዲያ ለሳጅንነት ኮርስ የሚሄዱት ስም ዝርዝር ወጣ፤ ሊያ የለችበትም። ከእሷ በኋላ የገቡ ሁለት ልጆች አሉበት።

እትዬ ዘነበች ደወሉልኝ።

«ደምሰው፣ ልጄን በደሏት።»

«ማን ነገረዎት?»

«የጓደኛዋ እናት። እሷማ ምን ትናገራለች! ‹ኢትስ ኦኬ› ብላኝ ክፍሏ ገባች።»

«እስቲ መጀመሪያ እሷን እንጠይቃት።»

«የተበደለ ሰው ይጠየቃል እንዴ? ፊቷን አላየህማ!»

እኔ ሠላሳ ዓመት ዜና የጻፍኩ ሰው ነኝ። ባለጉዳዩን ሳልጠይቅ አንድ መስመር ጽፌ አላውቅም። ያን ጊዜ ግን ሳልጠይቅ ሄድኩ። ይህችን ያዙልኝ።

ሄድን። እኔ፣ ጋሼ ተካልኝ ከካርልተን፣ እና አባ። አባ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ መስቀላቸውን ይዘው። በር ላይ የቆመችው ካዴት አባን ስታይ ደነገጠችና እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠች። አባ ደግሞ ግንባሯን የሰጠቻቸው መስሏቸው መስቀሉን አስነኳት! «ቴንክ ዩ ሰር» አለች ልጅቱ።

አዛዧ ሴት ናት፣ ከልጄ ታንሳለች። ወንበር ሳበችልን። «ፕሊስ፣ ተቀመጡ።»

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም በላት» አሉ ጋሼ ተካልኝ።

አልኳት። ልትቀመጥ የነበረችው እሷም ተመልሳ ቆመች። አራታችንም ቆምን። ፊቷን ሳየው ለጠብ የመጣን መስሏታል።

ጋሼ ተካልኝ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ልጃችን ጥፋት ካለባት እኛ እንክሳለን፣ እኛን ቅጪን በላት» አሉ። እንደ ደንቡ ነው የተናገሩት፣ ሽማግሌ እንዲህ ነው የሚለው። እኔም ሳልቀንስ ሳልጨምር ተረጎምኩ።

«ምን ጥፋት?» አለች አዛዧ።

«ምንም» አልኩ።

«ታዲያ ለምን እኛን ቅጪን አላችሁ?»

ምን ልበላት? እሷም «ስለ ካዴቶቼ ከአሳዳጊ በስተቀር ከማንም ጋር አልነጋገርም» አለችና ማስታወሻ ደብተሯን አውጥታ ጻፈች። ሁለት መስመር። ከዚያ ቀኑን። ሌላውን ተዉት፣ ቀኑን መጻፏ ነው ያስፈራኝ። ቀን የተጻፈበት ነገር አይረሳም፤ ሥራዬ ነበር፣ አውቀዋለሁ።

በማግስቱ ሊያ ደወለች።

«ጋሼ፣ ኋይ? ኋይ ዉድ ዩ ሴይ ዛት? ለምን እንደዚያ አላችሁ? አሁን እኮ የሆነ ነገር የሰረቅኩ ነው የሚመስላቸው!»

«ሊያዬ፣ ለአንቺ ብለን...»

«ማን ለመናችሁ?» ዘጋችው።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ከዚያ ለእትዬ ዘነበች ደብዳቤ መጣ፤ እንዳነብላቸው አምጥተው እኔ ዘንድ ተዉት።

«ሊያባርሯት ነው፣ አይደል?» አሉኝ።

«ደብዳቤው እንደዚያ አይልም።»

«ምን ይላል?»

«አሳዳጊዋ ትምጣ፣ ከፈለገች አስተርጓሚ ይዛ ትምጣ ነው የሚለው።»

«ለምን?»

«ለምን እንደሆነ አይልም፣ እትዬ።»

በቀን ሦስት ጊዜ እየደወሉ ያስነብቡኛል፣ ሦስቴም ያው ነው። እሳቸው ስልኩን ሲዘጉ እኔ ብቻዬን እቀራለሁ። ጥፋት የሚለውን ቃል እዚያ ቢሮ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ልጅቱ ብትባረር በእኔ አፍ ነው።

ታዲያ ቀኑ ደረሰና እትዬ ዘነበች፣ ሊያና እኔ ሄድን። አዛዧ ተቀመጡ ስትል ቶሎ ተቀመጥኩ። ሊያ ወለሉን ታያለች።

«መጀመሪያ ይህን ንገርልኝ» አለች አዛዧ፣ «ሊያ ምንም ጥፋት የለባትም።»

ነገርኳቸው። ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ተቆጡ።

«ጥፋት ከሌለባት ለምን ዘለለቻት? ጠይቃት! አትፍራ፣ ጠይቃት!»

ጠየቅኳት። አዛዧ ወደ ሊያ ዞረች። «ላሳያቸው?» ሊያ በእሺታ አንገቷን ነቀነቀች።

«እኔ አልዘለልኳትም» አለች አዛዧ። «የመጀመሪያው ስም የእሷ ነበር። ራሷ ናት አውጡኝ ያለችው።» እና ከፋይሉ አንድ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ቀኑን አየሁ፤ ዝርዝሩ ከመውጣቱ ዘጠኝ ቀን በፊት ነው። ከታች የአሳዳጊ ፊርማ አለ።

እትዬ ዘነበች መነጽራቸውን አደረጉ። ፊርማውን በጣታቸው ነኩት።

«የኔ ነው።»

ከዚያ ወደ ልጅቱ ዞሩ።

«ሊያ፣ የትምህርት ቤት ወረቀት ነው አላልሽኝም?»

ወረቀቱን ወደ እኔ ገፉት።

«አንብብልኝ» አሉኝ።

ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ፣ በሊያ የእጅ ጽሑፍ፣ እንዲህ ይላል፦ «ኮርሱ ሰባት ቀን ከቤት ውጭ ነው። አያቴን ጠዋትና ማታ የስኳር መርፌ የምወጋት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው የለንም።»

ሳልቀንስ ሳልጨምር ተረጎምኩላቸው።

እትዬ ዘነበች መነጽራቸውን አወለቁ፣ ሊያን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«እኔ ይህን ፈርሜ ነው ሽማግሌ የላክሁት?»