በመስታወት ውስጥ የቀረው የፋሲካ መጽሐፍ

ዝናብ ሰው ያገናኛል። ለፋሲካ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ከሥራ ስወጣ ድንገት ወረደብኝና በቅርብ ወዳገኘሁት የመጽሐፍ መደብር ዘው ብዬ ገባሁ። መጽሐፍ ልገዛ አልነበረም። በማተሚያ ቤት ቀኑን ሙሉ የሰው ስሕተት ሳርም የምውል ሰው ነኝና ከሥራ ስወጣ ፊደል ማየት አያምረኝም።

የልጆች መጻሕፍት ከተደረደሩበት ጥግ አንድ ሽማግሌ ባለ ሥዕል መጽሐፍ ይዘው ቆመዋል። ጀርባውን በአውራ ጣታቸው ይጫኑታል፣ ገልጠው ስፌቱን ይመረምራሉ፣ መልሰው ደግሞ ያሸቱታል። ሳያነብ በፊት መጽሐፍ የሚያሸት አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው። በእኛ ማተሚያ ቤት ዕድሜያቸውን በጥረዛ ክፍል ጨርሰው ጡረታ የወጡት ናቸው። ሠራተኛው ሁሉ «ጋሽ ሙጫ» ይላቸዋል። እሳቸውም ያውቃሉ፤ አይቀየሙም።

«ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ?» አልኳቸው ባርኔጣዬን አውልቄ።

«ይመስገን። አንተስ? አሁንም በሰው ጽሑፍ ላይ ቀይ መስመር ታሰምራለህ?»

«ምን ይደረግ ጋሼ፣ ሰው መሳሳት አልተወም። ለማን ነው መጽሐፉ?»

«ለልጄ ልጅ። በዓመት አንዴ ለፋሲካ ነው የማያት። ስትመጣ ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ትደበቃለች፤ ልትለምደኝ ስትል በዓሉ ያልቅና ይሄዳሉ። ዘንድሮ እንኳ ትቅረበኝ ብዬ ይሄን አሰብኩላት።» ሽፋኑን አሳዩኝ። አንድ ቤተሰብ ፋሲካን ሲያከብር፣ ትልቅ ትንሹ ማዕድ ከቦ ተስሏል። «ግን እየው እስቲ፣ ይሄ ጥረዛ ነው? ሕፃን እጅ ከገባ ሳምንት አይቆይም።»

«ታዲያ ይተዉታል?»

«ለምን እተወዋለሁ? ራሴ እንደገና ጠርዤ፣ ቆልፌ አስቀምጥላታለሁ። ስታድግ፣ የመጽሐፍ ክብር ሲገባት ትወስደዋለች።»

ከጎናችን የቆመች፣ በክንዷ ብዙ የልጆች መጽሐፍ የታቀፈች ወጣት ዞር አለች። የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት መሆኗን ኋላ ነገረችን። «ይቅርታ አባባ፣ ጣልቃ ልግባ ብዬ አይደለም» አለች። ጣልቃ ልግባ ብዬ አይደለም የሚል ሰው ሁሉ፣ እንደምታውቁት፣ ገብቷል። «ልጅቷ ስንት ዓመቷ ነው?»

«አራት።»

«ይሄ እኮ የአራት ዓመት ልጅ መጽሐፍ ነው። ስታድግማ ንቃ ትተወዋለች።»

ጋሽ ሙጫ ፈገግ አሉ። ሰው ሊያስተምሩ ሲዘጋጁ እንዲህ ናቸው። «ልጄ፣ ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባላል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የተገነጠለ መጽሐፍ ስሰፋ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከየትምህርት ቤቱ ሲመጣልን ገጹ በማርማላታ ተጣብቆ፣ የሥዕሉ ዓይን በእስክሪብቶ ተወግቶ ነው። የሕፃን እጅ ለመጽሐፍ ምን እንደሆነ ለእኔ አይነገረኝም።»

«እኔ ደግሞ ያንን ገጽ ያጣበቁትን ልጆች አውቃቸዋለሁ» አለች መምህርቷ በትሕትና። «ሕፃን የሚያቆሽሸው የወደደውን ገጽ ነው አባባ። በእኔ ክፍል ንጹሕ ሆኖ ዓመቱን የሚጨርሰው ማንም ያልፈለገው መጽሐፍ ነው።»

«እሺ፣ መጽሐፉስ ይቅር። ፋሲካን የሚያህል ነገር በጨዋታ ሥዕል ይማሩታል? እኛ እኮ ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም ብለን ተቀምጠን ሰምተን ነው ያወቅነው።»

«ያኔ ገባዎት?»

«ገባኝ እንጂ» አሉና ትንሽ አሰቡ። ውሸት የማይወዱ ሰው ናቸው። «ሳድግ ገባኝ።»

«እስኪያድጉስ?»

«እስካድግማ መብሉ ነበር።»

እኔ ሳቅሁ፤ መምህርቷ ግን አልሳቀችም። «አያዩም አባባ? የአራት ዓመት ልጅ በበዓል ቀን የምታየው የትልልቅ ሰዎች ጉልበት ነው። ወሬው ሁሉ ከላይዋ ያልፋል። ማን ለምን እንደመጣ፣ ቀኑ ለምን ደስ እንደሚል የሚነግራት የለም። ይሄን መጽሐፍ ከፍተው፣ ይቺ አክስትየዋ ናት፣ ይሄ ባዶው መቃብር ነው፣ የተሰበሰቡት ለዚህ ነው ብለው ቢያሳዩዋት ግን በዓሉ የእሷም ይሆናል። ጭንዎ ላይ ሆና የሰማችውን ደግሞ ያለ እርስዎ አታስታውሰውም። የሚፈልጉት ልጅቷን ነው ወይስ መጽሐፉን?»

ይህ ጥያቄ ከበዳቸው። መጽሐፉን ወደ መደርደሪያው መልሰው ጠርዙን ከሌሎቹ ጋር አስተካከሉ።

«የእኔ ልጅ፣ ቤቴ ብትመጪ አሳይሽ ነበር» አሉ ድምፃቸውን ሳያነሱ። «ለእናቷ በሕፃንነቷ የገዛሁላት የፋሲካ መጽሐፍ እስከ ዛሬ አለ። በእጄ በጨርቅ ጠርዤ፣ መስታወት ያለው ቁምሳጥን ውስጥ አኑሬዋለሁ። ዛሬ ከማሽን የወጣ ነው የሚመስለው። እንዲያውም ሌላ ምን እገዛለሁ? ዘንድሮ እሱን ነው የማሳያት።»

«ልጅዎ ወደደችው?»

«ምንም አልሆነም፤ በጥንቃቄ ነው የተያዘው» አሉ።

እኔ አራሚ ነኝ፤ መልሱ ለጥያቄው እንዳልሆነ ወዲያው ታየኝ። ግን የሽማግሌ ንግግር ላይ ቀይ መስመር አይሰመርም። ዝናቡ አባርቶ ነበርና፣ ጋሽ ሙጫ የበዓሉ ዕለት ቤታቸው ብቅ እንድል አጥብቀው ጋብዘውኝ ተለያየን።

የፋሲካ ዕለት ከምሳ በኋላ ሄድሁ። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። ከሁሉም ፊት ለፊት የሚታየው ቁምሳጥኑ ነው፤ መስታወቱ ተወልውሎ ያብለጨልጫል፣ መጻሕፍቱ በቁመታቸው ተሰልፈዋል። ልጃቸው፣ ሐኪም ቤት የምትሠራ ረጋ ያለች ሴት፣ ተነሥታ እንኳን አደረሰዎ አለችኝ። ትንሿ ከእናቷ ወንበር ኋላ ሆና በአንድ ዓይን ታየኛለች። አንድ እጇ ላይ ማርማላታ የተቀባ ዳቦ ይዛለች።

ጋሽ ሙጫ ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ። መጽሐፉን ከጨርቁ ፈትተው፣ ከፍ አድርገው ያዙና «ሚጣዬ፣ ነይ እዪ። ከዚያው ሆነሽ፤ እንዳትነኪ» አሏት።

ልጅቷ ወጣች። ዳቦውን ትታ እጇን ዘረጋች። እሳቸውም መጽሐፉን ሳያስቡት ወደ ላይ አነሱት። ልጅቷ እጇን ሰብስባ ተመልሳ ከወንበሩ ኋላ ገባች። ያን ሰዓት የጋሽ ሙጫን ፊት ማየት አሳዘነኝ።

«ለእኔም እንዲሁ ነበር የሚያሳዩኝ፣ አባባ» አለች ልጃቸው።

«ለአንቺ ብዬ አይደል ያቆየሁት? እዪው፣ አንድ ገጽ እንኳ አልታጠፈም።»

«አልታጠፈም። እኔም አንብቤው አላውቅም።»

«እንዴት? ስታድጊ ሰጥቼሽ የለም?»

«ስድስተኛ ክፍል ስደርስ ሰጡኝ። የሕፃን መጽሐፍ ያዘች ብለው ጓደኞቼ እንዳይስቁብኝ ዕለቱን መለስኩት። ከዚያ በፊት ግን በየቀኑ መስታወቱ ፊት እቆም ነበር። የሚታየኝ ሽፋኑ ነው፤ ሰዎቹ ማዕድ ከበዋል፣ አባትየው ትንሿን ልጅ ጭኑ ላይ አስቀምጧታል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነብኝና ውስጡን ራሴ ፈጠርኩት። እኔ በፈጠርኩት ላይ አባትየው ያነብላታል። ከሥራ ሲመጡ አንድ ቀን ይከፍቱትና እኔንም ይጠሩኛል ብዬ እጠብቅ ነበር።»

ይህን ስትናገር አልተቆጣችም። ብትቆጣ ለሁላችንም በቀለለን ነበር።

«ምነው ያኔ ብትነግሪኝ?»

«ትልቅ ሰው ባለበት ልጅ አይናገርም ይሉን ነበር እኮ።»

ጋሽ ሙጫ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አሉ፤ ለማን እንዳሉት አላውቅም። «ያቺ የመደብሯ ልጅ ነግራኝ ነበር። መጽሐፍ አዳንኩ ስል ልጄን ከመስታወቱ ውጭ አስቀረሁ።» ከዚያ ወደ ወንበሩ ኋላ ጎንበስ ብለው «ሚጣዬ፣ ነይ። አብረን እናንብበው» አሉ።

«እጄን ልታጠብ?» አለች ልጅቷ።

«ግድ የለም። እንዳለሽ ነይ።»

ጭናቸው ላይ ወጣች። ገና የመጀመሪያውን ገጽ እንደገለጡ ጣቷ ነጩ ወረቀት ላይ አረፈና ቀይ ምልክት ተወ። የጋሽ ሙጫ እጅ ብድግ አለ፤ የጠራዥ እጅ ነዋ። መልሰው ጉልበታቸው ላይ አሳረፉት። ልጅቷ ባዶውን መቃብር አይታ «ድንጋዩን ማን ገፋው?» ብላ ጠየቀች። «ገልብጪውና አብረን እንየው» አሏት። ማዕዱ ጋ ሲደርሱ ደግሞ ልጆች የከበቡትን አያት እያሳየች «ይሄ አንተ ነህ?» አለቻቸው።

«አይደለሁም» አሉ ቀስ ብለው። «እሱ ይሻላል።»

እዚህ ላይ አንባቢ ይፍቀድልኝና ጥቂት ልበል። በየቤታችን ለልጅ ተብሎ ከልጅ የተደበቀ ስንት ነገር አለ? መጽሐፍ ቢገነጠል ይሰፋል፤ ማርማላታም ይጠረጋል። አራት ዓመት ግን ተመልሶ አይጠረዝም። ከበዓል በፊት መጽሐፉን ከፍቶ ልጁን ጭኑ ላይ ያስቀመጠ ሰው፣ ልጁ ፊደልን ሳይፈራ ያድግለታል፣ ዘመዱን ያውቅለታል፣ ቀኑ ለምን እንደከበረ ይገባዋል። ለራሱም በዓመት አንዴ የሚያየው ልጅ አይሸሸውም። ጋሽ ሙጫ ዛሬ ወደዚያች መምህርት ክፍል እየሄዱ የተገነጠሉ መጻሕፍትን ይሰፋሉ፤ ከመስፋታቸው በፊትም ለልጆቹ ያነቡላቸዋል። እኔ ይህን ሁሉ መልካም እላለሁ። ግን የዚያ ዕለት መጨረሻ አሁንም ከዓይኔ አይጠፋም።

መጽሐፉ ገና ግማሽ ሳይደርስ ልጅቷ ከውጭ የልጆች ድምፅ ሰማችና ከጭናቸው ወርዳ ሮጠች። ልጅ እንዲሁ ነው። ጋሽ ሙጫ ሊዘጉት ሲሉ፣ ልጃቸው የምሳውን ሳህን በሁለት እጇ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«አይዝጉት፣ አባባ» አለች። «ይቀጥሉ።»

ቀጠሉ። ለሕፃን በተጻፉት አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ድምፃቸው ይሰበር ነበር። እሷ አልተቀመጠችም፤ ሳህኑንም አላኖረችም። የመጨረሻውን ገጽ አንብበው ጨረሱ።

«አለቀ?» አለች።

«አለቀ።»

«ይሄን ያህል አጭር ነው?»

ጋሽ ሙጫ መጽሐፉን በእጃቸው እንደያዙ አንገታቸውን ደፉ። «አጭር ነው ልጄ» አሏት። «አንድ ሻይ ጠጥተው እስኪጨርሱ ያልቃል።»