ብርድ ልብስ ያልደረሰው ቦይለር

በኮልፌ ሐጂ ረሻድ ብርድ ልብስ ያላስገቡበት ቤት ጥቂት ነው። ጉልበታቸው እስኪከዳቸው ድረስ ገበያው ውስጥ ብርድ ልብስና ፍራሽ ሲሸጡ የኖሩ፣ በቃላቸው የታመኑ፣ የሰው ሐቅ የሚፈሩ ሽማግሌ ናቸው። ሐቅ የሚፈራ ሰውም ግን ይሳሳታል፤ እንዲያውም የሚሳሳተው በሙሉ ልቡ ስለሆነ የሚመልሰው አይገኝም። ሐጂም በዚያ የኅዳር ጠዋት ከቤታቸው የወጡት በሙሉ ልባቸው ተሳስተው ነበር።

ከግቢያቸው ጓሮ ባለችው ክፍል ውዳሴ የምትባል ተከራይ አለች። ልብስ መሸጫ ሱቅ ተቀጥራ፣ ሄቨን የምትባል ሕፃን ልጇን ብቻዋን ታሳድጋለች። የመብራት ቆጣሪው አንድ ነው፤ መታጠቢያ ቤቱና ውጭ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የውሃ ማሞቂያ ቦይለርም የጋራ ናቸው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ታዲያ የመብራቱ ካርድ በተሞላ ማግስት የሚያልቅ እስኪመስል ድረስ ሐጂን አስመረራቸው። አምፖል አጠፉ፣ ቴሌቪዥን ነቀሉ፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። «የራሳችንን እናውቃለን፤ የማናውቀው የእሷን ነው» አሉና ፈረዱ። ትናንት ውዳሴን ጠርተው ወሩ ሲያልቅ ቤቱን እንድትለቅ ነገሯት። እሷም «እሺ ሐጂ» አለች። ባለቤታቸው ሰብሪያ ግን ከዚያ ሰዓት ጀምሮ አላናገሯቸውም።

እንግዲህ ሐጂ ጦር ኃይሎች ወርደው አዲስ ተከራይ እንዲፈልግላቸው ደላላ ሊያነጋግሩ፣ አስራ ስምንት ማዞሪያ የታክሲ ሰልፍ ይዘው ቆመዋል። ከፊታቸው የነበረችው ወጣት ዞር ስትል የጎረቤታቸው የኢብራር ልጅ ሀይፋ ሆና ተገኘች። ሀይፋ ምህንድስና ተምራ በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ የምታስተምር ልጅ ናት።

«አሰላሙ ዐለይኩም ሐጂ! እንዴት አደሩ? ምነው ፊትዎ ጠቆረብኝ?»

«ወዐለይኩሙ ሰላም፣ ልጄ። አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። መብራት አስከፋኝ እንጂ።»

ከዚያም ሰልፉ ቀስ በቀስ ሲጠጋ ሁሉንም ነገሯት። ሀይፋ ሳታቋርጥ አዳመጠችና፣

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ሐጂ፣ ውዳሴ ለመስቀል ልጇን ይዛ አገሯ ገብታ አልነበረም እንዴ?» አለች።

«ገብታለች። ጉራጌ መስቀልን ኮልፌ ይውላል ብለሽ ነው?»

«እሷ በሌለችበት ሰሞን ካርዱ ቆየልዎ?»

ሐጂ ጣታቸውን እያጠፉ ቀኑን ቆጠሩ። ያን ሰሞን ካርዱ አልቆባቸው ለሱብሂ ሶላት በጨለማ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥበው ውዱእ ማድረጋቸው ትዝ አላቸው። ሰው ጥርጣሬውን የሚደግፍለትን እንጂ የሚያፈርስበትን ነገር አያስታውስም፤ ሐጂም ያንን ቀን እስካሁን ረስተውት ነበር።

«አልቆየም» አሉ፣ ዝግ ብለው። «ታዲያ ማን በላው?»

«ድመትዎ የት ነው የምትተኛው?»

«ድመቷን ደግሞ ምን አደረግሻት? ቦይለሩ አናት ላይ ነዋ።»

«ለምን ይመስልዎታል?»

«ይሞቃታላ!»

«በማን ካርድ?»

ከልጅ አትጫወት ይወጋሃል በእንጨት፣ አሉ ሐጂ በልባቸው። ቢሆንም የኖረ ነጋዴ በአንድ ቃል አይረታም።

«ኧረ ልጄ፣ ድመት ቆጣሪ አትጨርስም። እሱ ደግሞ ብረት ነው፤ ብረት ይበርደዋል ልትይኝ ነው?»

«ብረቱ አይበርደውም፤ ውስጡ ያለው ውሃ ግን ይቀዘቅዛል። አዲስ ቦይለር ከቆርቆሮው ሥር ሙቀት የሚይዝለት ሽፋን አለው። የእርስዎ አርጅቷል፤ ላዩ ድመት ካሞቀ ሽፋኑ አልቋል ማለት ነው። ውሃው ይሞቃል፣ የኮልፌ ንፋስ ይወስደዋል፤ ማሞቂያው ራሱ ተነስቶ እንደገና ያሞቃል፣ ንፋሱም እንደገና ይወስዳል። ማንም ሳይታጠብ ቀን ከሌት የሚሠራ እሱ ነው። ሽፋን ቢደረግለት ይህ ሁሉ ይቀንስ ነበር።»

«ሽፋኑ ሙቀት ከየት ያመጣል?»

ሀይፋ ሳቀች። «እኔ ስወለድ እናቴ ከእርስዎ ብርድ ልብስ ልትገዛ መጥታ፣ ‹ይሄ ያሞቃል ወይ?› ብትልዎ ምን ብለው መለሱላት? ዛሬም ድረስ ታወራዋለች።»

የሐጂ ያ የገበያ ድምፅ ሳያስቡት ተመለሰ። «ብርድ ልብስ እሳት አይደለም! ሙቀቱ የራስሽ ነው፤ እሱ አላስወጣ ይላል እንጂ…»

ቃሉ ከአፋቸው ወጥቶ ሳያልቅ ገባቸው። ለስንቱ ገዢ ሲሉት የኖሩት ነገር ነው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይባል የለ? ኮልፌን ሲያለብሱ ኖረው የገዛ ቦይለራቸው ራቁቱን ቆሞ ነበር።

«በይ እንግዲያው ቤት የቀረኝ አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ አለ፤ ዛሬውኑ እጠቀልለዋለሁ» አሉ።

«እሱንስ እንዳያደርጉት! ዝናብ ያረጥበዋል፣ ከሽቦው ጋር ተነካክቶም እሳት ያመጣል። ለዚህ የሚሆነው ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚነጠፈው፣ አንድ ፊቱ ብልጭልጭ የሆነው ስፖንጅ ነው። ሲጠቀለልም መጀመሪያ መብራቱ ከማጥፊያው ይጠፋል። ሽቦው የሚገባበት ክዳንና ትርፍ ግፊት የሚያስተነፍሰው ቫልቭ አይሸፈኑም። ሙቅ ውሃ የሚወጣበት ቱቦም ይለበሳል፤ የሙቀት መቆጣጠሪያውም ከልክ በላይ ከፍ ብሎ ከሆነ ዝቅ ይላል። ቅዳሜ እኔው መጥቼ እሠራልዎታለሁ።»

በዚህ መሐል ሚኒባሱ ደረሰ። ረዳቱ «ጦር ኃይሎች! ጦር ኃይሎች! ሁለት ሰው!» እያለ ጮኸ። ሐጂ ከሰልፉ ወጡ።

«ደላላውስ ሐጂ?» አለች ሀይፋ፣ አንድ እግሯን ታክሲው ላይ አድርጋ።

«ይቅርብኝ። የሰው ሐቅ ተሸክሜ የትም አልሄድም።»

ቤት ሲደርሱ ውዳሴ ከሥራ ቀርታ ልብሷን በማዳበሪያ ከረጢት ስታስር አገኟት። ሄቨን ከረጢቱ ላይ ተቀምጣለች። ሐጂ ከበሩ ላይ ቆሙ።

«ውዳሴ፣ ልጄ፣ ፍቺው። መብራቱን የጨረሰው የኔው ቦይለር ነው። በድዬሻለሁ፤ አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።»

ውዳሴ ማሰሯን ትታ፣ «እኔ እኮ ሐጂ፣ ከክረምት ጀምሮ የቦይለሩን ውሃ ከፍቼ አላውቅም» አለች። «ቆጣሪውን ባዩ ቁጥር ፊትዎ ሲለወጥ አይቼ፣ ሄቨንን ገላዋን የማጥባት በከሰል በማሞቀው ውሃ ነው።»

ሐጂ በዚህ ዕድሜያቸው እንዲህ አፍረው አያውቁም። ከረጢቱን ራሳቸው ፈቱት።

ቅዳሜ ሀይፋ እንዳለችው ሆነ። ቦይለሩ ብልጭልጩን ለብሶ፣ ክዳኑና ቫልቩ ብቻ ታይተው ቀሩ። ድመቷ እንደ ልማዷ አናቱ ላይ ወጥታ ዞር ዞር አለች፤ ሙቀት ብታጣ ወርዳ ሄደች። ሰብሪያ ይህን አይተው፣ «ሌባው ተያዘ ማለት ነው?» አሉ። ውዳሴ ቤቱን እንድትለቅ ከተነገራት ቀን ወዲህ ለሐጂ የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር።

ካርዱ ዛሬ ይከርማል። ያረጀው ማሞቂያም እፎይ ስላለ ዕድሜው ይረዝማል፤ በምሽት የሞቀ ውሃ ለሱብሂ ለብ እንዳለ ይቆያል። ከሁሉም በላይ በአንድ ግቢ ያሉ ሰዎች መተያየት ጀምረዋል። ሐጂም ቦይለር ያለው ጎረቤት ሲያገኙ፣ «እጅህን ላዩ ላይ አድርግ፤ ከሞቀህ ገንዘብህ እየወጣ ነው፤ ሰው ከመጠርጠርህ በፊት እሱን አልብሰው» ይላሉ።

ያ የቀረው ወፍራም ብርድ ልብስ ለሄቨን ደረሳት፤ ድመቷም አሁን የምትተኛው እዚያ ላይ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ሐጂ መታጠቢያ ቤቱ ገብተው ውሃውን በእጃቸው ይሞክራሉ፤ ወደ ጓሮም ይጣራሉ። «ውዳሴ! ውሃው ደርሷል፤ ልጅቷን አምጫት!»